ሰባት ቤት የቆጠረው ኮምፒውተር

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዓይን በሚሄደው አውቶብስ ውስጥ ላፕቶፕ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ የተቀመጠ ሐበሻ ካያችሁ፣ አንድም ሥራ በዝቶበታል፣ አንድም ፍቅር ይዞታል። እኔ ሁለቱም አሉብኝ። መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። በግራ አሸዋ፣ በቀኝ አሸዋ፣ ዳር ዳሩን በቱቦ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ። ሾፌሩ አያወራም። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ሁልጊዜ ይተኛል፤ ተኝቶም ትከሻዬን ይደገፋል። ታዲያ ለማን ላውራ? ለእናንተ ነዋ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። መሥሪያ ቤቱ አቡ ዳቢ፣ መኖሪያው አቡ ዳቢ፣ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ሲሻገር የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የሚያገኝ ሰው፣ ኮምፒውተር ለመማር አል ዓይን ድረስ ይሄዳል? ሥራ አስኪያጃችንም ይህንኑ ጠየቀኝ። ሱዳናዊ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ጥያቄ ማብዛቱ ነው እንጂ። የአል ዓይኑ አስተማሪ ይሻላል አልኩት። ያኔ አስተማሪውን አይቼው አላውቅም። ስሙንም አልሰማሁም። እኔ የማውቀው አል ዓይን ውስጥ የሺ መኖሯን ነው።

የሺ ማን ናት? እሺ፣ እሷን ላስቀድም። እኔ የምሠራው ሚና ዛይድ ወደብ አጠገብ፣ ዓሣ በሚያቀዘቅዝ መጋዘን ቢሮ ውስጥ ነው። የገባውን ዓሣ እመዘግባለሁ፤ የወጣውን ዓሣ እመዘግባለሁ። ሸሚዜ ምን ምን እንደሚል አትጠይቁኝ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በተምር ገበያው በኩል ሳልፍ፣ አንዲት ትንሽ የአረብ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ "እምቢ፣ አልሄድም" ስትል ሰማሁ። በአማርኛ! ያውም ለዛ ባለው የወሎ አማርኛ። ቀና ስል ሞግዚቷ ከኋላዋ ቆማለች። መርየም ተነሽ፣ ኋላ እናትሽ ትቆጣለች ትላታለች። እናትየዋ፣ ማዳም ማለት ነው፣ ወዲያ ተምር ታስመዝናለች። ያቺ ሞግዚት የሺ ነበረች። ከአል ዓይን ከቤተሰቡ ጋር ለገበያ መጥታ ነው። እኔም እንደ ሞኝ ቆሜ፣ የየት አገር ሰው ነሽ አልኳት። የሐይቅ አለችኝ። በቃ። ሰው በአንዲት ቃል ይወድቃል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በስልክ ሆነ። የሺ ስልክ የምታነሣው መርየም የቀን እንቅልፏን ስትተኛ ብቻ ነው። መርየም ደግሞ እንቅልፍ ጠላቷ ነው። ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ አንድ መርከብ ዓሣ ከፊቴ ተደርድሮ፣ እኔ የምጠብቀው ሌላ ከተማ ያለች የሕፃን ልጅ እንቅልፍ ነው። ልጅቷ ከተኛች ደስ ይለኛል። ጉንፋን ከያዛት እኔም አብሬ እታመማለሁ። ማዳም የሺን የምትለቃት ዓርብ ከሰዓት ነው። የአል ዓይኑ ማሠልጠኛም ዓርብ ያስተምራል። አሁን ገባችሁ? የትምህርት ፍቅሬ ከየት እንደመጣ ይኸው ነገርኳችሁ።

አስተማሪው ሚስተር ቶማስ ይባላል። ከኬረላ የመጣ ህንዳዊ ነው። ጺሙን ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ግን አንድ ዓርብ ጥቁር፣ አንድ ዓርብ ቀይ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሲል አስረዳን። ድሮ ድረ ገጽ ማለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነበር። አንብበህ ታልፋለህ። አሁን ግን ገጹ ራሱ ሙሉ ፕሮግራም ይሆናል፤ መረጃ ከመጋዘኑ እየሳበ ያመጣል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ያንጸባርቃል፣ ይዘፍናል። ይህን የምታደርገው ኢንተርኔት በምንከፍትበት አሳሽ ላይ የምትሰካ አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ፕለጊን ትባላለች። እሷ ከሌለች ገጹ ባዶ ነው። ነጭ። መሀሉ ላይ "መጀመሪያ ይህን ጫን" የሚል ጽሑፍ ብቻ ይታያል። ይህ የነገው ዓለም ነው አለና እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። በመስኮቱ የሚታየው ጎማ ቤት ነው።

ስለዚያ ነጭ ገጽ ሲናገር እኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ኮተቤ ናት። በደወልኩ ቁጥር፣ እስቲ ያለህበትን አገር ንገረኝ ትለኛለች። ሙቀቱን እነግራታለሁ፤ እዚህም ፀሐይ ከርሯል ትለኛለች። የፎቁን ርዝመት እነግራታለሁ፤ ንፋስ አይጥለውም ወይ ትላለች። ባሕሩን ነገርኳት፤ አትጠጋው አለችኝ። ይኸው ስንት ዓመት አወራኋት፤ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ግን ነጭ ገጽ ነው። ምን ልጫንላት? እኔስ ብሆን፣ የሰፈሬ መንገድ አስፋልት ሆነ ስትለኝ የሚታየኝ ያው የድሮው ጭቃ አይደለም? ጭቃው ራሱ ይናፍቀኛል፤ ምን ልዋሻችሁ።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። በሦስተኛው ዓርብ ይመስለኛል ሚስተር ቶማስ ዋናውን ነገር አስተማረን። መረጃውና ገጹ በማይታይ ክር ይታሰራሉ። ክሩ ባለ አንድ አቅጣጫ ከሆነ፣ መረጃው ሲለወጥ ገጹ ይለወጣል፤ ገጹን ብትነካው ግን መረጃው ምንም አይሰማውም። ባለ ሁለት አቅጣጫ ከሆነ እዚህ ስትነካ እዚያ ይሰማል፣ እዚያ ስትነካ እዚህ ይሰማል። ፓኪስታናዊው ዒርፋን ይህ አልገባኝም ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመው። እኔ ወዲያው ነው የገባኝ። አል ዓይን ውስጥ መርየም ካስነጠሰች ሚና ዛይድ ላይ የእኔ ቀን ይበላሻል። ሚና ዛይድ ላይ እኔ ብንገበገብ ግን አል ዓይን ምንም ይሰማው አይሰማው አላውቅም። ይህን ለሚስተር ቶማስ አልነገርኩትም።

ከትምህርት በኋላ ከየሺ ጋር የምንገናኘው የአል ዓይን ኦአሲስ፣ በረሃው መሀል ባለው የተምር ደን ውስጥ ነው። የተምሩ ዛፍ ጥላ አለው። በመሀሉ ፈለጅ የሚሉት የጥንት የመስኖ ቦይ ያልፋል። ቦዩ ዳር እንቀመጣለን፤ ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይ በወረቀት ኩባያ እንጠጣለን። የሺ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ ውሃው ትዘረጋለች፤ ግን አታስነካውም። የሰው ውሃ ነው ትላለች። እሷ ስለ ሐይቅ ታወራለች፤ እኔ እሰማለሁ። ታዲያ አንድ ዓርብ፣ ላንቺ ያለኝ ሐሳብ የወግ የማዕረግ ነው ብዬ በዘወርዋራ አሰማኋት። በቀጥታ አይባልማ! አገራችን ቢሆን ሽማግሌ ይላካል፤ ሦስት ሰው ነጠላውን አጣፍቶ በር ላይ ይቆማል። እዚህ ማንን ልኬ የማን በር ላይ ላቁም? ሚስተር ቶማስንና ዒርፋንን?

የሺ ጫማዋን አደረገች። ከዚያ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ እትዬ ሙሉ ይባላሉ፤ ባላቸው ሞተዋል፤ ያለቻቸው አንድ እሷ ናት። ልጁ የማን ዘር ነው ብለው ጠየቁ። አባቱ ወሎዬ ነው ስትላቸው፣ እንግዲያውስ በአባት በኩል ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። መቼም ታውቃላችሁ። እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት እስከ ሰባት አያት ድረስ ይቆጠራል። መሀል ላይ አንድ ሰው ከተገናኘ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው ቀረ። በእናትም ይቆጠር ቢባል ኖሮ እስካሁን እየቆጠርኩ ነበር።

ያን ሰሞን ሚስተር ቶማስ ደግሞ የመመረቂያ ሥራ አዘዘን። እያንዳንዱ ከራሱ መረጃ ተነሥቶ አንድ ፕሮግራም ይሥራ አለ። ዒርፋን የመኪና መለዋወጫ ሊሠራ ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው ፊሊፒናዊት የመድኃኒት ቤት ዕቃ ልትሠራ ነው። እኔ ዓሣ ልሠራ ነበር። ድንገት ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። ሰባት ቤት! ይህ መረጃ አይደለም? ሽማግሌ ተሰብስቦ ቀኑን ሙሉ የሚቆጥረውን እኔ በአንድ ጠቅታ ብቆጥረውስ? የሺም ታያለች፣ እትዬ ሙሉም ይሰማሉ፣ ሚስተር ቶማስም ያርምልኛል። አንድ ድንጋይ ወርውሬ ስንት ወፍ እንደማወርድ ቆጠርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ያኔ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

አባቴ ዘንድ ደወልኩ። አባቴ አያት ሲቆጥር ዓይኑን ጨፍኖ በዜማ ነው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ዜማው ጠፋበት። አክስቴ ስልኩን ቀምታ ጨረሰችው። የሺም የበኩሏን ከእናቷ ተቀብላ አመጣችልኝ። እኔ መቼም ወራቱን ሙሉ በሥራ ሰዓት ዓሣ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ዋርካ ነበርኩ። ዋርካ ማለቴ ገጹ ላይ የሣልኩት ዛፍ ነው። ሥሩ በሁለት በኩል ይወርዳል፤ በቀኝ የወንዱ አያቶች፣ በግራ የሴቷ። ስሞቹ አንድ በአንድ እየበረሩ መጥተው ቅርንጫፍ ላይ ያርፋሉ። ዘመድ ከሌለ ዛፉ ያብባል፤ ከአንድ ሠርግ የቀዳሁት እልልታ ይለቀቃል። ዘመድ ከተገኘ ሁሉም ቀጥ ይልና ገጹ ይቀላል፤ ደወል ይደወላል። ደወሉን ለወጉ ያህል ነው የጨመርኩት። የማልፈልገውን ነገር ያን ያህል አሳምሬ መሥራቴ አሁን ይገርመኛል።

የመመረቂያው ዓርብ የሺ ማዳምን አስፈቅዳ መጣች። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ። ከፊሊፒናዊቷ አጠገብ ኋላ ተቀመጠች። ዒርፋን መጀመሪያ ወጣ፤ ማርሹ እየተሽከረከረ ሲፈታና ሲገጥም ሁሉም አጨበጨበ። ቀጥሎ እኔ። ስሞቻችንን ጻፍኩ፤ ቁልፉን ነካሁት።

አባቶች መጡ፤ አረፉ። አያቶች መጡ። ሦስተኛ ቤት፣ አራተኛ ቤት፣ ሰላም ነው። እኔ እልልታውን እየጠበቅሁ ፈገግ ብያለሁ። በአምስተኛው ቤት በእኔ በኩል ይመር መጣ። በእሷም በኩል ይመር መጣ። በስድስተኛው በእኔ በኩል አሊ። በእሷም በኩል አሊ። ይመር አሊና ይመር አሊ ከግራና ከቀኝ ተያዩ። ገጹ ቀላ። ደወሉ ጮኸ።

ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ! ፕሮግራሙ ይሠራላ! ዒርፋን ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ሚስተር ቶማስ ብድግ ብሎ፣ መረጃ ማለት እንዲህ ነው፣ ያላሰብከውን ፈልጎ ያገኝልሃል አለ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ አንደኛ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ያላጨበጨበች የሺ ብቻ ናት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀዩን ገጽ ታያለች።

ውጪ ስንወጣ ነገሩን ለመመለስ ሞከርኩ። ወሎ ውስጥ ይመር ስንት ነው? አሊስ ስንት ነው? ክርስቲያኑም እስላሙም ቤት አንድ አሊ የሚባል አያት የማይጠፋበት አገር አይደለም ወይ አልኳት። እሷ ግን በእርጋታ ነው የመለሰችልኝ።

"የሠራኸው አንተ ነህ። ይመር አሊ ባይገናኝ ኖሮ ልክ ነው ልትለኝ አልነበረም?"

ልክ ነበረች። "ኸላስ፣ አለቀ" አለች፣ "ወንድሜ ነህ ማለት ነው።" ወደ አውቶብሷ ሄደች። በዚያው ቀን ለእናቷ ደወለች። እትዬ ሙሉም፣ ፈጣሪ ማሽኑን ልኮ ከኃጢአት አዳነን ብለው ለሐይቅ እስጢፋኖስ ጧፍ አስገቡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ሲቀላና ደወል ሲደውል ደግሞ ምን ያህል እንደሚጨብጥ አስቡት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። በፊት እኔ የማዳምን አጥር ከሩቅ ነበር የማየው። ወንድ ልጅ እዚያ በር ድርሽ አይልም። ዘመድ መሆኔ ከታወቀ በኋላ በሩ ተከፈተልኝ! ማዳም ራሷ፣ ወንድምሽ ሲመጣ ፀሐይ ላይ አታቁሚው አለቻት። ዘበኛው ወንበር ያወጣልኛል። ከግቢው ጥላ ሥር ተቀምጬ ሻይ ይመጣልኛል፤ ስሄድ ተምር ይቋጠርልኛል። መርየም ጭኔ ላይ ወጥታ ኻሊ ትለኛለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። የፈለግሁት ቤት ገባሁ፤ ግን በማልፈልገው በር። ክፉ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉም ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ነው የፈጀኝ። ከእሷ አንድ ክንድ ርቀት ተቀምጬ፣ አቡ ዳቢ ሳለሁ ከምትናፍቀኝ ይልቅ ትናፍቀኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ናፍቆት እናንተ ገጥሟችሁ ያውቃል?

የባሰው ደግሞ ምክር መጠየቋ ነው። እህት ወንድሟን አይደል የምታማክረው? ኮንትራቴን ላድስ ወይስ ልተው ትለኛለች። ፀጉሬን ልቆረጥ ወይ ትለኛለች። አንድ ቀን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አንድ የጎንደር ልጅ አለ፣ ታክሲ ይነዳል፣ ባየኝ ቁጥር ሰላም ይለኛል፤ እንዴት ታየዋለህ አለችኝ። እንደ ወንድም አሰብኩበት። ከዚያ እንደ ወንድም፣ ሾፌር እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም አልኳት። ልጁን አይቼው አላውቅም። ምናልባት በጣም የተረጋጋ ልጅ ይሆናል። ግን ሰላምታውን አልመለሰችለትም፤ የወንድሟን ቃል ታከብራለች።

አንድ እሑድ አክስቴ ለሰላምታ ደወለች። ነገር ነገርን ያነሣል፤ ስለዚያ ይመር አሊ ጠየቅኋት። የየት አገር ሰው ነበር አልኳት። የቦረና ነዋ፣ የወሎ ቦረና፣ ሸማኔ ነበር፤ ከቦረና ወጥቶ ደሴን እንኳ ሳያይ ነው የሞተው አለች። እኔ ስልኩን ይዤ ከወንበሬ ተነሣሁ። የየሺ ይመር አሊ፣ እናቷ እንደነገሯት፣ ሐይቅ ዳር ኖሮ ሐይቅ ዳር የሞተ ሰው ነው። ቦረናና ሐይቅን ደግሞ ስንት ተራራ እንደሚለያቸው የሄደበት ያውቀዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! አያችሁ፣ አገር ቤት ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩ አንድ ስም ሲገጥም ወዲያው አይፈርዱም። ቆይ፣ ይኸ የየትኛው አገር ይመር ነው ይላሉ። የእኔ ፕሮግራም ይህን አይጠይቅም። ስም ከስም ገጠመ፣ ደወል። ሽማግሌ ሰው ይቆጥራል፤ የእኔው ስም ቆጠረ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከየስሙ ጎን አገሩ የሚጻፍበት ቦታ ጨመርኩ። የዛፉን ሥር እንደ አዲስ አሰርኩት። ያ ሁሉ ሲያልቅ ለየሺ አድራሻውን ላክሁላት። አዲስ ስልክ ገዝታለች፤ በእሱ ከፈተችው። ነጭ። ፕለጊኗ ለካ እንዲህ ባለ ስልክ ላይ አትሰካም። የማዳም ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው አልኳት። መጀመሪያ ይህን ጫን ይለኛል፣ የሰው ዕቃ ላይ እኔ ምንም አልጭንም አለች። ያችው የሺ ናት፤ የሰው ውሃ ውስጥ እግሯን አታስገባም። ሚስተር ቶማስ ዘንድ ለምክር ብደውል፣ ያንን ነገር እኮ አሁን ሰው እየተወው ነው፣ አዲስ የመጣ አለ፣ ለእሱም ኮርስ ከፍቻለሁ፣ ተመዝገብ አለኝ። የነገው ዓለም ያልከኝስ ብለው፣ ነገማ አለፈ አለኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚሉት ለካ ለኮምፒውተርም ነው።

ስለዚህ ላፕቶፑን ተሸክሜ ሄድኩ። ያለፈው ወር ነው። ኦአሲሱ ውስጥ፣ ቦዩ ዳር፣ ከተምሩ ጥላ ሥር ጭኔ ላይ ከፈትኩት። የሺ አጠገቤ ተቀመጠች። ስሞቹን ከነአገራቸው አስገባሁ፤ ነካሁት። ይመርና ይመር ከግራና ከቀኝ መጡ። ተያዩ፤ ተላለፉ። ሰባተኛ ቤት ሰላም። ዛፉ አበበ፤ እልልታው በሙሉ ድምፁ ተለቀቀ። ተምር ላይ የወጡት ሠራተኞች ሁሉ ቁልቁል አዩን። የሺ በእጇ አፏን ይዛ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ወዲያው ለእናቷ ደወለችና ስልኩን ድምፅ እንዲወጣ አድርጋ በመሀላችን አስቀመጠችው። ማሽኑ ዘመድ አይደላችሁም አለ አለቻቸው። እትዬ ሙሉ፣ አምና ዘመድ ናችሁ ያለው ማን ነበር አሉ። ያው እሱ ነው አለች። ታዲያ አምና ዘመድ፣ ዘንድሮ ባዕድ የሚል ሽማግሌ የማን አገር ሽማግሌ ነው? እንዲህ ያለው እኛ ቀበሌ ቢኖር ዕርቅ ላይ አይቀመጥም ነበር አሉ። ይህን ሁሉ ቀን ለፍቼ የሠራሁት በአንድ አረፍተ ነገር ሲፈርስ ይታየኛል። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

"አንተ ልጅ፣ ያንተ ይመር አሊ የየት ሰው ነው?"

"የቦረና ነው፣ እትዬ።"

"የቦረና? እና ምኑ ይዛመደናል? ይኸን ለመጠየቅ ነው ዓመት ሙሉ ማሽን ስትሠራ የከረምከው? በኩሌ ምንም የለኝ። እሷን ጠይቃት።"

ስልኩ ተዘጋ። የቦዩ ውሃ ይሰማል። እሷን ጠይቃት። እሷን? ወዳጆቼ፣ ለካ እሷን ጠይቄያት አላውቅም! አባቴን ጠይቄያለሁ፤ አክስቴን ጠይቄያለሁ፤ እናቷን ጠይቄያለሁ። ዞር ብዬ አየኋት። ታገቢኛለሽ ወይ አልኳት፤ እንዲሁ በቀጥታ፣ ያለ ነጠላ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ላፕቶፑ ጭኔ ላይ እንዳለ።

የሺ ቀሚሷን አስተካከለች። ውሃውን አየች።

"አሥራ ሦስት ሙት ጠይቀህ ጨርሰህ፣ በሕይወት ያለሁትን እኔን ዛሬ ጠየቅኸኝ?"

ይቅርታ ልል ስል እጇን አነሣች። ፊቷ ኮስተር ብሏል፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር የሚል መሰለኝ። ምናልባት እኔ ስለፈለግሁ ይሆናል። ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች፤ ልክ አገር ቤት ሽማግሌ የሚመልሱ ሰዎች እንደሚሉት፣ በዚያው ድምፅ፦

"እኔ ዘመድ ሳላማክር መልስ አልሰጥም። ጠብቅ" አለችኝ።

መጠበቅማ እጠብቃለሁ። ግን አንድ ነገር እያሰብኩ ነው። እናቷ በኩሌ ምንም የለኝ ብለዋል። አባቷ የሉም። እህት ወንድም አልተወለደላትም። እዚህ አገር ደግሞ፣ ማዳምን ጠይቁ፣ ዘበኛውን ጠይቁ፣ መርየምን ጠይቁ፣ ያላት ዘመድ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ። ምክሬን አዘጋጅቼ ይኸው አራተኛ ዓርቤ ነው፤ እስካሁን አላማከረችኝም።